ከዋይት ሲቲ መስመር እስከ 40 ሚሊ ሜትር
የውድድር ደንብ ሲለወጥ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?

ዋይት ሲቲ ሲባል ለብዙዎቹ የምዕራብ ለንደን ኢትዮጵያውያን በቶሎ ትዝ የሚላቸው የሴንትራል ላይን ባቡር ጣቢያ፣ የዌስትፊልድ ገበያ ወይም የካውንስሉ መኖሪያ ሕንፃዎች ናቸው። በሕንፃዎቹ መካከል የሚያልፉት መንገዶች አውስትራሊያ ሮድ፣ ካናዳ ዌይ፣ ሳውዝ አፍሪካ ሮድ እየተባሉ መጠራታቸውን ያስተዋለ ሰውም ምክንያቱን ሳይጠይቅ አይቀርም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1908 በዚሁ ቦታ ከተከፈተው የፈረንሳይና የብሪታንያ ኤግዚቢሽን ነው። የኤግዚቢሽኑ ሕንፃዎች ነጫጭ ስለ ነበሩ ሕዝቡ “ነጭ ከተማ” አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ከነጫጮቹ ሕንፃዎች ጎን በዚያው ዓመት አንድ ትልቅ ስታዲየም ተሠርቶ ነበር። የ1908 የኦሎምፒክ ጨዋታ መጀመሪያ የተሰጠው ለሮም ሲሆን፣ ጣልያን ዝግጅቱን ስትተው ለንደን ተረከበችው። በስታዲየሙ ውስጥ የሩጫ መም፣ በዙሪያው የብስክሌት መወዳደሪያ፣ በመካከሉ ደግሞ የመዋኛ ገንዳ ነበረ። የሩጫው መም እንደ ዛሬው 400 ሜትር ሳይሆን አንድ ዙሩ የማይል ሲሶ፣ ማለትም 536 ሜትር ያህል ነበር። በዚያ ዘመን የስታዲየም መም ርዝመት ገና ወጥ መለኪያ አልተበጀለትም ነበርና።

ይህ ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ1985 ፈርሶ በቦታው የቢቢሲ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ ከዋይት ሲቲ የወጣ አንድ ነገር አልፈረሰም። ይኸውም የማራቶን ርቀት ነው። አበበ ቢቂላ በሮም፣ ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በበርሊን የሮጡት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የተለካው ከዚህ ሰፈር ተነሥቶ ነው።

አንድ መስመር እንዴት ደንብ ሆነ?

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 1908 ማራቶን ሯጮቹ ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ግቢ ተነሡ። የሩጫው ማብቂያ ደግሞ ዋይት ሲቲ ስታዲየም ውስጥ፣ ከንጉሣውያን ቤተሰብ መቀመጫ ፊት ለፊት እንዲሆን ተወሰነ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ሲለካ 26 ማይል ከ385 ያርድ ሆነ። ከዚያ በፊት በነበሩት ኦሎምፒኮች ማራቶን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያም በኋላ ርቀቱ ወዲያው አልረጋም፤ በ1912 በስቶክሆልም 40.2፣ በ1920 በአንትወርፕ 42.75 ኪሎ ሜትር ተሮጧል። የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የዋይት ሲቲውን ልክ መደበኛ ርቀት አድርጎ ያጸደቀው በ1921 ሲሆን፣ ከ1924 የፓሪስ ኦሎምፒክ ጀምሮ በዚሁ ሥራ ላይ ዋለ።

ያ ቀን ሌላም ነገር አስተማረ። ዶራንዶ ፒዬትሪ የተባለው ጣልያናዊ ስታዲየሙን ከሁሉም ቀድሞ ገባ። ነገር ግን በሙቀቱና በድካሙ ራሱን ስቶ ነበርና አቅጣጫ ተሳሳተ፤ ደጋግሞም ወደቀ። ዳኞቹና ሐኪሙ አዝነው ደገፉት፤ እየተደገፈም መስመሩን በ2 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ አለፈ። ከኋላው የመጣው አሜሪካዊው ጆኒ ሄይስ በ2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ከ18 ሴኮንድ ገባ። አሜሪካኖቹ አቤቱታ አቀረቡ፤ ሯጭ በሰው ተደግፎ መጨረስ አይችልምና የፒዬትሪ ውጤት ተሰረዘ። በማግሥቱ ንግሥት አሌክሳንድራ የብር ዋንጫ ሸለመችው፤ የወርቅ ሜዳሊያው ግን የሄይስ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፒዬትሪ ደግፉኝ ብሎ አልጠየቀም። የደገፉት ሰዎች ራሳቸው የውድድሩ ሹማምንት ነበሩ። ቅጣቱ ያረፈው ግን በሯጩ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መቶ ዓመት ከአሥራ ሦስት ሲቆጠር አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ በቪየና ከተማ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የውድድር ደንብና የመሐንዲሶች ጥበብ እንዴት ሲሯሯጡ እንደኖሩ መመልከት ያስፈልጋል።

የመኪናው እሽቅድምድም ትምህርት

ደንብ በተለወጠ ቁጥር አዲስ መሣሪያ መሥራት በይበልጥ የሚታወቀው በመኪና እሽቅድምድም፣ በተለይም በፎርሙላ ዋን ነው። ደንቡ ሲለወጥ የየቡድኑ መሐንዲሶች አሮጌውን መኪና ይተዉና ከባዶ ወረቀት ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው “ደንቡ ምን ይከለክላል?” የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛውና ዋነኛው ደግሞ “ደንቡ ምን ሳይጠቅስ አልፏል?” የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ታይረል የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ባለ ስድስት ጎማ መኪና ይዞ ቀረበ። ከፊት ያሉት አራት ትንንሽ ጎማዎች ነፋስ እንዳይገታቸው ተብሎ የተሠሩ ነበሩ፤ ደንቡም የጎማን ቁጥር አልወሰነም ነበር። መኪናው በዚያው ዓመት በስዊድን አንደኛና ሁለተኛ ወጣ። በኋላ ደንቡ ተለውጦ ጎማ ከአራት እንዳይበልጥ ተደነገገ። በ1978 ደግሞ ብራብሃም የተባለው ቡድን ከኋላው ትልቅ ማራገቢያ የተገጠመለት መኪና አመጣ። ማራገቢያው ሞተር ለማቀዝቀዝ ነው ቢባልም ዋና ሥራው ከመኪናው ሥር ያለውን አየር እየመጠጠ መኪናውን ከመንገዱ ጋር ማጣበቅ ነበር። ንኪ ላውዳ በዚሁ መኪና ስዊድን ላይ አሸነፈ፤ መኪናው ግን ከዚያ ወዲያ አልተወዳደረም።

ከሁሉም የሚያስገርመው የ2009 ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት የክንፎቹና የመኪናው የታችኛው ክፍል ደንብ በሰፊው ተለወጠ። ሆንዳ ከውድድሩ ሲወጣ የቀረው ቡድን በሮስ ብሮን ስም ተቋቋመ። መሐንዲሶቹ ከኋለኛው የመኪና ወለል ሥር አየር በሁለት ፎቅ የሚያልፍበትን መንገድ አግኝተው ነበር። ተፎካካሪዎች ከሰሱ፤ ጉዳዩ ፓሪስ እስከሚገኘው የይግባኝ ሰሚ ችሎት ደረሰ፤ ችሎቱም መኪናው ደንቡን አልጣሰም ብሎ ወሰነ። ጄንሰን በተን ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች ስድስቱን አሸንፎ የዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ግልጽ ነው። በመኪናው ዓለም ደንብና መሐንዲስ ሲጋጩ በመካከሉ ጠበቃ፣ ችሎትና ገንዘብ ያለው ቡድን ይቆማል። ነጂው መኪናው ከደንብ ውጭ ቢሆን እንኳ ጉዳዩን ብቻውን አይሸከምም። በሩጫ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ባዶ እግርና ባለ ሹል ጫማ

የሩጫ ጫማም የራሱ መሐንዲስና የራሱ ደንብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1957 የሶቪየት ኅብረቱ ዩሪ ስቴፓኖቭ ሶሉ በወፈረ ጫማ 2 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር ዘሎ የከፍታ ዝላይ ክብረ ወሰን ሰበረ። ክብረ ወሰኑ ጸደቀለት፤ ከዚያ በኋላ ግን ፌዴሬሽኑ የዝላይ ጫማን ሶል ውፍረት በ13 ሚሊ ሜትር ወሰነ። በ1968፣ ከሜክሲኮ ኦሎምፒክ በፊት፣ ፑማ በሶሉ ላይ እንደ ብሩሽ ብዙ ትንንሽ ሹሎች ያሉት ጫማ ሠራ። አሜሪካዊው ጆን ካርሎስ በዚህ ጫማ 200 ሜትርን በ19.92 ሴኮንድ ሮጠ። ጫማው ተከለከለ፤ ሰዓቱም በክብረ ወሰንነት ሳይመዘገብ ቀረ።

ከእነዚህ ሁለት ክስተቶች መካከል፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960፣ አበበ ቢቂላ ጫማ የሚባል ነገር ሳያደርግ ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ያገኘው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው እንደለመደው በባዶ እግሩ መሮጥን መረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ሳምንታት ብቻ ተቆጥረው ነበር። ከሁለቱ ድሎች የሚገኘው ቁም ነገር ጫማው ይኑር አይኑር ድሉ የእግሩና የሳንባው መሆኑን ማንም አለመጠራጠሩ ነው። የዛሬው ደንብም ሯጭ በባዶ እግሩ፣ ወይም በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ ቢሮጥ አይከለክልም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ ዓመታት የማራቶን ጫማ ሠሪዎች የተወዳደሩት በቅለት ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ክብረ ወሰኑን ሲያሻሽል ያደረገው ጫማ ስስና ቀላል ነበር። ሶሉ የወፈረ ጫማ የጀማሪ ወይም የልምምድ ጫማ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

መሐንዲሶቹ ሶሉን አወፈሩት

ይህ ሁሉ የተገለበጠው በ2016 ነው። በሪዮ ኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን ሜዳሊያ ያገኙት ሦስቱም ሯጮች፣ ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ፣ ኢትዮጵያዊው ፈይሳ ሌሊሳና አሜሪካዊው ጌለን ራፕ፣ የሮጡት ገና ገበያ ባልወጣ የናይኪ የሙከራ ጫማ ነበር። የዚያን ቀን ዓለም የተመለከተው ፈይሳ መስመሩን ሲያልፍ ከራሱ በላይ አጣምሮ ያነሣቸውን ክንዶች ነው። እግሩ ሥር ምን እንዳለ ያየ ጥቂት ነበር።

ጫማው በ2017 ለገበያ ቀረበ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሶሉ የተሠራው በጣም ቀላልና ተመላሽ ጉልበቱ ከፍ ካለ ስፖንጅ ነው። ሯጩ ሲረግጠው ይጨመቃል፤ እግሩን ሲያነሣ ደግሞ የተጨመቀበትን ጉልበት አብዛኛውን መልሶ ይሰጠዋል። በስፖንጁ መካከል ከካርቦን የተሠራ ስስ ዝርግ ገብቷል። ዝርጉ ሶሉ እንዳይጣመም ይይዘዋል፤ የእግር ጣቶች መገጣጠሚያንም ድካም ይቀንሳል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲለኩት ሯጮች በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲሮጡ የሚያወጡት ጉልበት ከሌሎቹ ጫማዎች ይልቅ በአማካይ በ4 ከመቶ ቀነሰ። በማራቶን 4 ከመቶ ቀላል ነገር አይደለም።

በ2019 መስከረም ቀነኒሳ በቀለ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ገባ። ከኪፕቾጌ ክብረ ወሰን ያነሰው በሁለት ሴኮንድ ብቻ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኪፕቾጌ ቪየና ላይ፣ እንደ መደበኛ ውድድር በማይቆጠር ሙከራ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ሮጠ፤ ያደረገውም ሌላ የሙከራ ጫማ ነበር። በማግሥቱ ብሪጂድ ኮስጌ ቺካጎ ላይ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ በ2003 ለንደን ላይ ያስመዘገበችውን የሴቶች ክብረ ወሰን ሰበረች። አሥራ ስድስት ዓመት የቆየ ሰዓት ነበር። ዓለም “ሯጩ ነው ወይስ ጫማው?” ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

40 ሚሊ ሜትር

የዓለም አትሌቲክስ መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2020 ነው። የጎዳና ውድድር ጫማ ሶል ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ በውስጡም ከአንድ በላይ ጠንካራ ዝርግ እንዳይኖር ተደነገገ። ጫማው ለማንም ገዢ በገበያ የሚገኝ መሆን እንዳለበትም ተነገረ። በኋላ የሙከራ ጫማ በቅድሚያ ተመዝግቦ ለተወሰነ ጊዜ የሚፈቀድበት ሥርዓት ወጣ። ለስታዲየም ሩጫም የተለየ፣ ከዚህ ያነሰ ልክ ወጣለት።

ጫማ ሠሪዎቹ ያደረጉት ልክ የመኪና መሐንዲሶች የሚያደርጉትን ነው። ደንቡ በወጣ በሳምንት ውስጥ ናይኪ አዲሱን ጫማውን አስተዋወቀ፤ ውፍረቱ 39.5 ሚሊ ሜትር ነበር። አዲዳስም 39 ሚሊ ሜትር ይዞ ቀረበ። ደንቡ ወፍራም ጫማን አላጠፋም፤ ሁሉም ተጠግቶ የሚሠራበትን አጥር አሳየ እንጂ።

ጫማ ሠሪዎች ግን ሌላም መንገድ አገኙ። ደንቡ የሚገዛው ውድድርን እንጂ ልምምድን አይደለም። ስለዚህ ለልምምድ ተብለው ከ40 ሚሊ ሜትር የወፈሩ ጫማዎችም ተሠሩ። የአንድ ኩባንያ የውድድር ጫማና የልምምድ ጫማ በአንድ ሯጭ ቤት፣ በአንድ ሻንጣ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ቪየና፣ 2021

ደራራ ሁሪሳ በጥር 2020 በሕንድ ሙምባይ የመጀመሪያ ማራቶኑን በሌላ ሯጭ ጫማ፣ በውሰት ሮጦ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ የቦታውን ክብረ ወሰን አሻሽሎ አሸንፎ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2021 ደግሞ በቪየና ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ አንደኛ ገባ። ከኋላው የነበረውን ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋትን በሦስት ሴኮንድ ቀደመው። ደስታው ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ከተፈቀደው በ10 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ ያስታወቀው ሌላ፣ ደንቡን የሚያሟላ ጫማ እንደ ነበር አዘጋጆቹ ገለጹ። ውጤቱ ተሰረዘ፤ ድሉም የላንጋት ሆነ።

አንድ ሳንቲ ሜትር የአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ያህል ነው። ደንቡ ግልጽ ነበርና ዳኞቹን የሚወቅስ የለም። ላንጋትም በተፈቀደ ጫማ ሮጧልና ድሉ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከዋይት ሲቲው የዶራንዶ ፒዬትሪ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር አንድ የሚያገናኝ ነገር አለ። ጫማውን የፈለሰፈው፣ የሠራው፣ የሸጠው ሌላ ነው። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት እግሩን ተመልክቶ “ይህ አይሆንም” ያለ ሰው አልተገኘም። መስመሩን አንደኛ ሆኖ ካለፈ በኋላ ባዶ እጁን የተመለሰው ሯጩ ብቻ ነው። በመኪናው ዓለም ቢሆን መኪናው ከመነሣቱ በፊት ይመረመራል፤ ቡድኑም ይጠየቃል።

የደንቡ ሌላው ገጽ

ይህን ያነበበ ሰው ደንቡ ኢትዮጵያውያንን የጎዳ ብቻ እንዳይመስለው ሌላውን ገጽም ማየት አለበት። እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ገብታ የሴቶችን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ቀደም ሲል የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክም በዚሁ ርቀት ተወዳድራለች። በርሊን ላይ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ዋጋው 500 ዶላር የሆነ፣ ለአንድ ማራቶን ያህል ተብሎ የተሠራ ነው። ሶሉ በደንቡ ልክ ውስጥ ነበር። ውፍረት በ40 ሚሊ ሜትር ሲታጠር መሐንዲሶቹ ፊታቸውን ወደ ክብደት አዞሩ፤ ኃይሌ ወደ ሮጠበት ወደ ቀላል ጫማው ዘመን በሌላ በር ተመለሱ ማለት ነው። ትዕግሥት በ2025 የለንደን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ስታሸንፍ ደግሞ ሴቶች ብቻቸውን በሚሮጡበት ውድድር አዲስ ክብረ ወሰን አስመዘገበች።

በዚያው በርሊን አንዱ ሯጭ 500 ዶላሩን ጫማ ሲያገኝ፣ ከእንጦጦና ከሰንዳፋ መንገድ ላይ ከሚለማመዱት ወጣቶች ብዙዎቹ ግን ስፖንሰር የላቸውም። ለእነርሱ አንድ እንዲህ ያለ ጫማ የብዙ ወር ቀለብ ነው። “በገበያ የሚገኝ ይሁን” የሚለው ደንብ ጫማው ለሁሉም እንዲዳረስ ታስቦ የወጣ ነው፤ ገበያ ላይ መገኘትና መግዛት መቻል ግን አንድ አይደሉም። የአበበ ዘመን ደሀ ሯጭ በባዶ እግሩ ሀብታሙን መቅደም ይችል ነበር። የዛሬው ደሀ ሯጭ ከባላንጣው እግር ሥር ያለውን 4 ከመቶም መቅደም አለበት።

ለዛሬው ሯጭ

ዋይት ሲቲ ላይ የዚያ የ1908 ሩጫ ማብቂያ የነበረበት ቦታ በቢቢሲ ሕንፃዎች መካከል ምልክት ተደርጎበታል። ከዚያ በእግር በሚደረስ ርቀት፣ በዎርምውድ ስክራብስ ሜዳ ዳር፣ የሊንፎርድ ክሪስቲ ስታዲየም አለ። በየትም አገር በእንዲህ ባሉ ስታዲየሞች የሚለማመዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች አሉ። ለእነርሱና ለወላጆቻቸው ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት አጭር ነው። የዓለም አትሌቲክስ የተፈቀዱ ጫማዎችን ዝርዝር ያወጣል። ለጎዳና የተፈቀደ ጫማ ለስታዲየም ላይፈቀድ ይችላል። የልምምድ ጫማ ከውድድር ጫማ ጋር በአንድ ሻንጣ ባይቀመጥ ይመረጣል። በጽሑፍ ያስታወቁት ጫማና በውድድሩ ቀን የሚያጠልቁት አንድ መሆኑን ከመነሣት በፊት ማረጋገጥ ይገባል።

የማራቶን ርቀት ራሱ ከአንድ ንጉሣዊ ወንበር ፊት ለፊት በአጋጣሚ የተሰመረ መስመር ነው። 40 ሚሊ ሜትርም ሰዎች ተሰብስበው የወሰኑት ቁጥር ነው፤ 35 ወይም 45 ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተሰመረ ለሁሉም እኩል መሆኑ ነው ውድድርን ውድድር የሚያደርገው። መሐንዲሱ ከመስመሩ ጥግ ድረስ ይሄዳል፤ ሥራው ነውና። መስመሩን ሲያልፍ የሚያዘው ግን ሯጩ ነው። ስለዚህም ደንቡን ከጫማ ሠሪው እኩል ማወቅ፣ እንደ ልምምዱ ሁሉ፣ የሯጩና የአሠልጣኙ ሥራ ሆኗል። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለው የአባቶች ብሂል ለጫማም ይሠራል።